ለተገጪው የተጻፉ ሁለት ወረቀቶች

«የሦስተኛ ወገን መድን» የሚለው ስም ከሕግ መጽሐፍ ወጥቶ የታክሲ ነጂውም የትራፊክ ፖሊሱም አፍ የለመደው ሆኗል፤ ስሙን ቆም ብሎ የሚመረምረው ግን ጥቂት ነው። አንደኛው ወገን ውል የገባው ባለመኪና ነው። ሁለተኛው አረቦን የሚቀበለው ኩባንያ ነው። ሦስተኛው ውሉ ሲፈረም በቦታው ያልነበረ፣ ስሙ የማይታወቅ፣ ምናልባት ነገ ማለዳ መንገድ ሲያቋርጥ የሚገጭ ሰው ነው። ወረቀቱ የተሰየመው በዚህ ባልታወቀ ሰው ነው። መንጃ ፈቃድም ቢሆን የዚሁ ሰው ዘብ ነው፤ መሪ የያዘው እጅ መኪናውን በጊዜ ማቆም እንደሚችል ለእግረኛው ይመሰክራል። ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር ተሰዶ አሜሪካ የገባ ሰው ግን ሁለቱን ወረቀቶች የሚያገኛቸው ሌላ ፊት ይዘው ነው። የፈቃዱ ቢሮ የመንዳት ችሎታውን ከመፈተኑ በፊት የመኖሪያ ወረቀቱን ያገላብጣል፤ የኢንሹራንስ ወኪሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአገሩ መሪ ላይ ያሳለፈውን ዘመን እንደሌለ ቆጥሮ አረቦኑን ያሰላል። የሁለቱን ወረቀቶች ታሪክ ከሥሩ ስንከተል አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ሁለቱም የተወለዱት ለተገጪው ነው፤ የነጂው ማንነት ማጣሪያ በሆኑ ቁጥርም ጉዳቱ ነጂው ላይ ብቻ አልቀረም፣ ተገጪውም ዘንድ ደርሷል።

መንጃ ፈቃድ ሲጀመር ከፓስፖርት ጋር ዝምድና አልነበረውም። የፓሪስ ፖሊስ በ1893 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በከተማዋ መኪና መንዳት የሚሻ ሁሉ የችሎታ ማረጋገጫ እንዲይዝ ሲያዝ፣ ያሳሰበው ፈረስና እግረኛ በሞላበት ጎዳና ላይ የሚሽከረከረው አዲስ ብረት ነበር። በአሜሪካ ማሳቹሴትስና ሚዙሪ በ1903 የመጀመሪያዎቹን የመንጃ ፈቃድ ሕጎች ሲያወጡ ፈተና እንኳ አልጠየቁም፤ ስም መዝግቦ፣ አደጋ ሲደርስ ተጠያቂውን ማወቅ በቂ መስሏቸው ነበር። ነጂን መፈተን የጀመረችው የመጀመሪያዋ ግዛት ሮድ አይላንድ ናት፤ በ1908። ማሳቹሴትስ ፈተናውን ለሁሉም ነጂ ያደረገችው በ1920፣ ሚዙሪ ደግሞ በ1952 ነው። ሳውዝ ዳኮታ እስከ 1954 ድረስ ያለ ምንም ፈቃድ ታስነዳ ነበር፤ ፈተና የጀመረችውም በ1959 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕጎች ሲወጡ አገሪቱ በስደተኛ የተጥለቀለቀችበት ዘመን እንደነበር ማስታወስ ያሻል፤ በ1907 ብቻ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ገብቷል። ሕግ አውጪዎቹ በዚያ ጎርፍ መካከል ሆነው ስለ መኪና ሲመክሩ የያዛቸው ጭንቀት የእጅና የዓይን፣ የፍሬንና የፍጥነት ጉዳይ ነበር። የዜግነት ጥያቄ ጭራሽ አልተነሣም ማለት ግን አይደለም። በ1922 የሮድ አይላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድን ለውጭ አገር ሰው የሚከለክል የከተማ ደንብ አጽንቷል። ያ ግን የእንጀራ ክርክር ነበር፤ በክፍያ ሕዝብ የሚያመላልሰውን ሰው የሚመለከት እንጂ የራሱን መኪና ይዞ ሥራ የሚሄደውን አልነካም።

የኢንሹራንሱም ልደት ከዚህ አይርቅም። ትራቭለርስ የተባለው ኩባንያ በ1898 ለቡፋሎው ሐኪም ለትሩማን ማርቲን የሸጠው ውል ከመጀመሪያዎቹ የመኪና ኢንሹራንሶች አንዱ ነው። ጎዳናው ገና የፈረስና የጋሪ ነበርና፣ የሚፈራው መኪናው የሰው ፈረስ አስበርግጎ ወይም ከጋሪ ተላትሞ የሚያመጣው ዕዳ ነበር። መኪና እየበዛ ሲሄድ ችግሩ መልኩን ለወጠ። በ1920ዎቹ የተገጨ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ቢፈረድለት እንኳ ነጂው ንብረት ከሌለው ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር፤ የተሰበረውን እግር የሚያሳክመው፣ የሞተውን አባት የሚተካ ገቢ የሚሰጠው አልነበረም። ለዚህ ሁለት መልሶች በአንድ ዓመት ተሰጡ። በ1925 ኮኔቲከት ነጂው አደጋ ካደረሰ በኋላ የመክፈል አቅሙን እንዲያሳይ የሚያዝ ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት ማሳቹሴትስ ከዚህ አልፋ ኢንሹራንስ ያልገባ መኪና ጭራሽ ታርጋ እንዳያገኝ ወሰነች፤ ሕጉም ከጥር 1 ቀን 1927 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአስተዳደር ዝርዝር ቢመስልም የሰው ሕይወት ነበር። የኮኔቲከቱ መንገድ ለሁለተኛው ተገጪ የሚያስብ ነው፤ የመጀመሪያው ተገጪ ነጂው ድሃ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ በአካሉ ይከፍላል።

የሚገርመው ብዙዎቹ ግዛቶች የኮኔቲከትን መንገድ መምረጣቸው ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ግዴታውን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ዛሬ ሁሉን አስገቡ ያለን መንግሥት ነገ ዋጋውንም ይወስንልናል፣ አደገኛውንም ነጂ በግድ ያሸክመናል ብለው ፈሩ። በ1932 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኩል የወጣው የአጥኚ ኮሚቴ ሪፖርት ኢንሹራንስ በሌለው መኪና የተገጨ ሰው ካሣ የማግኘት ዕድሉ እጅግ የመነመነ መሆኑን ካሳየ በኋላ እንኳ ማሳቹሴትስ ሠላሳ ዓመት ያህል ብቻዋን ቆየች፤ ኒውዮርክ በ1956፣ ኖርዝ ካሮላይና በ1957 ሕጉን አውጥተው እስኪከተሏት ድረስ። በመሐል ግን ለዛሬው አዲስ መጤ ትልቅ ትርጉም ያለው አንድ ሐሳብ ተወለደ። በ1938 በኒው ሃምፕሻየር ኩባንያዎች ማንም በፈቃዱ የማይቀበላቸውን ነጂዎች እየተካፈሉ እንዲሸከሙ የሚያደርግ ድልድል ተጀመረ፤ አሠራሩም ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛመተ። ከጀርባው ያለው ምክንያት ቀላል ነው። ሁሉን ሰው ኢንሹራንስ ግባ ብሎ የሚያዝ መንግሥት በሩ የተዘጋበትን ሰው የሚያስገባበት ሌላ በር ማዘጋጀት አለበት፤ አለዚያ ሕግ አክባሪ መሆን የሚፈልገውን ሰው ራሱ ሕግ አፍራሽ ያደርገዋል። ይህን ሐሳብ ከኢንሹራንስ ወደ መንጃ ፈቃድ ብናሻግረው የኋላው ታሪክ ሁሉ ይገባናል።

የኋላው ታሪክ የሚጀምረው አሜሪካ እንደ ብዙ አገሮች የነዋሪነት መታወቂያ ስለሌላት ነው። ጉድለቱን የሞላው መንጃ ፈቃድ ነበር፤ አንድም ቀን «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ካርድ መታወቂያ ይሁን» የሚል ውሳኔ ሳይተላለፍ፣ ጠጠር በጠጠር ላይ ሲደረብ ነው የተገነባው። ካሊፎርኒያ በ1958 የነጂውን ፎቶ ካርዱ ላይ አወጣች። በ1976 የወጣ የፌዴራል የታክስ ሕግ ግዛቶች በመንጃ ፈቃድ አስተዳደር ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና) ቁጥር እንዲጠቀሙ ፈቀደ። በ1986 የስደተኞች ማሻሻያ ሕግ ቀጣሪ ሁሉ የሠራተኛውን ማንነት እንዲያረጋግጥ ሲያስገድድ መንጃ ፈቃድ ከሚታዩት ሰነዶች አንዱ ሆነ። በ1996 ደግሞ የልጅ ማሳደጊያ ከመክፈል የሚሸሹ ወላጆችን ለመያዝ ሲባል ግዛቶች የአመልካቹን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እንዲመዘግቡ ታዘዙ። ከእነዚህ እርምጃዎች መካከል ስለ መንገድ ደኅንነት የታሰበበት አንድም የለም ማለት ይቻላል። ካርዱ ለባንክ፣ ለአውሮፕላን፣ ለቤት ኪራይ፣ ለሥራ ሲያገለግል፣ የተሠራለት ነገር ከብዙ አገልግሎቶቹ አንዱ ብቻ ሆኖ ቀረ። እንደ መታወቂያ የከበደ ካርድ ደግሞ ማን ይያዘው የሚለው ክርክር መነሣቱ አይቀርም ነበር።

ክርክሩ በካሊፎርኒያ ፈነዳ። ግዛቲቱ በ1993 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ1994 ጀምሮ ፈቃድ ጠያቂ ሁሉ በአገሪቱ የመኖር ሕጋዊ መብቱን እንዲያሳይ ተደረገ። ሕጉ የታሰበው ወረቀት የሌለውን ሰው ከመንገድ ለማስወጣት ከነበረ ያሰበውን አላገኘም። ሎስ አንጀለስ በእግር የሚኖርባት ከተማ አይደለችም፤ የፍራፍሬ ለቃሚው ማሳ፣ የቤት ሠራተኛዋ የምታጸዳው ቤት፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሁሉ በመኪና የሚደረስ ነው። ሰው መንዳቱን አላቆመም፤ ያቆመው መፈተኑን ነው። የመንገድ ሕጉን መጽሐፍ ለማጥናት ምክንያት አጣ፣ ፈቃድ የሌለው ነጂ ኢንሹራንስ ማግኘት ስለሚከብደው ያለ ኢንሹራንስ ነዳ፣ አደጋ ሲደርስም ቆሞ ፖሊስ መጠበቅ መኪናውን መነጠቅ፣ ምናልባትም ከአገር መባረር ሆኖ ታየው። እንግዲህ ከ1903 እና ከ1927 ሕጎች ጋር እናስተያየው። የመጀመሪያው ተጠያቂውን ለማወቅ፣ ሁለተኛው ተገጪውን ለመካስ የወጣ ነበር። የ1993ቱ ሕግ ነጂውን ከመዝገብ አስወጥቶ ተጠያቂውን ሰወረ፤ ኢንሹራንሱንም አስቀርቶ ተገጪውን ባዶ እጁን ሰደደ።

በዚህ ላይ የሚቀርበው ከባዱ ተቃውሞ የጸጥታ ጉዳይ ነው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት ፈጻሚዎች በርካታዎቹ የግዛት መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ይዘው ነበር፤ ከቨርጂኒያ ያገኙት አንዳንዶቹ ነዋሪ ነን ብለው የሐሰት ማረጋገጫ አቅርበው ነው። ጥቃቱን የመረመረው ኮሚሽን በ2004 የመታወቂያ አሰጣጡ በፌዴራል መለኪያ እንዲጠብቅ መከረ፤ ግንቦት 11 ቀን 2005ም የሪል አይዲ ሕግ ጸደቀ። ስጋቱን አቃልሎ ማለፍ አይገባም፤ የማን እንደሆነ ያልተጣራ ካርድ አውሮፕላን ማሳፈሩ አደጋ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ አሥራ ዘጠኙም ጥቃት ፈጻሚዎች ወደ አሜሪካ የገቡት ቪዛ ተመትቶላቸው ስለነበር ያኔ ቪዛ ለሌለው ነጂ በሩን መዝጋት አያስቆማቸውም ነበር። ሁለተኛውና ዋናው፣ ሪል አይዲ ራሱ ሁለቱን ነገሮች ለይቷቸዋል። ሕጉ ለአውሮፕላንና ለፌዴራል ሕንፃ የሚሆነውን ካርድ መመዘኛ አጥብቆ፣ ግዛቶች ለዚያ የማይሆን መሆኑ በግልጽ የተጻፈበት ሌላ ካርድ እንዲሰጡ ፈቅዷል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቀውና በጊዜያዊ ከለላ የሚኖረው ሰው ጊዜው የተወሰነ ካርድ እንዲያገኝም በሕጉ ተጽፏል። አጥባቂው ሕግ እንኳ መታወቂያና መንጃ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አምኗል ማለት ነው። የተለየው ካርድ ባለቤቱን ያጋልጣል የሚለው ስጋትም መልስ አለው፤ ኒውዮርክ በ2019 ባወጣችው ሕግ እንዳደረገችው ይኸው ተራ ካርድ ሪል አይዲ የማያሻው ዜጋም የሚይዘው ከሆነ ማን ምን እንደሆነ አይለይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የፍትሕ ነው፦ ያለ ወረቀት ለሚኖር ሰው ፈቃድ መስጠት ሕግ መጣስን መሸለም ነው ይላል። ይህ አባባል መንጃ ፈቃድን እንደ ስጦታ ያያል። ፈቃድ ግን ግዴታ የሚያስገባ ውል ነው፤ የያዘው ሰው ስሙና አድራሻው በመዝገብ ይገኛል፣ ይፈተናል፣ ሲያጠፋ ይቀጣል፣ ይነጠቃል። ክርክሩን በቃላት ብቻ መቋጨትም አያስፈልግም፤ ካሊፎርኒያ ራሷ ሞክራው ታይቷል። በ2003 አገረ ገዥው ግሬይ ዴቪስ ፈርመውት የነበረው ሕግ እርሳቸው በመሻሪያ ምርጫ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ሥራ ላይ ሳይውል ተሻረ። አሥር ዓመት ቆይቶ ጄሪ ብራውን ኤቢ 60 የተባለውን ሕግ ፈረሙ፤ ከጥር 2015 ጀምሮም በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ600 ሺህ በላይ ሰው ፈቃድ ወሰደ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2017 በአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ ሕጉ በ2015 ገጭቶ ማምለጥን ከ7 እስከ 10 በመቶ እንደቀነሰው፣ በቁጥርም ወደ 4,000 የሚጠጋ አደጋ እንደሆነ አሳየ። የአደጋው ጠቅላላ ቁጥር አልጨመረም። ነጂው በአንድ ዓመት የተሻለ ሾፌር ሆነ ማለት ላይሆን ይችላል፤ የተለወጠው ከግጭቱ በኋላ ያለው ደቂቃ ነው። ቆሞ መጠበቅ የማያስፈራው ሰው ይቆማል፤ ሲቆም ደግሞ አምቡላንስ ይጠራል፣ ካሣም ይገኛል።

ሌላው የማጣሪያ በር ቋንቋ ነው። አላባማ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የጽሑፍ ፈተናውን ቢያንስ በ14 የውጭ ቋንቋዎች ትሰጥ ነበር። በ1990 እንግሊዝኛን የግዛቲቱ ብቸኛ ሕጋዊ ቋንቋ የሚያደርግ ማሻሻያ ጸድቆ ፈተናው በእንግሊዝኛ ብቻ ሆነ። ጉዳዩ አሌክሳንደርና ሳንዶቫል በተባለው ክርክር የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2001 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተወሰነ፤ ፍርድ ቤቱ የፈተናውን ፍትሐዊነት ሳይመዝን፣ ሆን ተብሎ ባልተደረገ አድልዎ ግለሰብ አድልዎን በሚከለክለው የፌዴራል ደንብ መክሰስ አይችልም ሲል ዘጋው። የመንገድ ምልክቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ይሁን የሚለው መከራከሪያ ከፊል እውነት አለው፤ የመውጫውን ጽሑፍ ማንበብ ያልቻለ ነጂ አውራ ጎዳና ላይ ይወናበዳል። መልሱ ግን ምልክቱን በእንግሊዝኛ፣ ሕጉን ሰውየው በሚገባው ቋንቋ መፈተን ነው። ቅድሚያ የማን ነው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲቆም ምን ይደረጋል የሚለው ዕውቀት ቋንቋ አይመርጥም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ካቀፈቻቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ሲሆን፣ የመንጃ ፈቃዱን የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። ከተማዋ ይህን ያደረገችው ውለታ ለመዋል ብቻ አይደለም፤ ታክሲዋን ከሚነዱት መካከል ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙ ናቸውና ሕጉን ጠንቅቀው ማወቃቸው ለተሳፋሪዋም ለእግረኛዋም ጥቅም ነው።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው የኢንሹራንሱ ዋጋ ነው፤ እዚህ ላይ ተቃዋሚው የበለጠ አቅም አለው። ኩባንያ የማያውቀውን አደጋ በርካሽ ሊሸጥ አይችልም፤ በረዶ ላይ ነድቶ የማያውቅ ሰው ሚኒሶታ ሲገባ፣ በግራ ይነዳ የነበረ ኬንያዊ በቀኝ ሲጀምር አደጋው ከፍ ማለቱ አይካድም። ለመጀመሪያው ዓመት ጭማሪ መጠየቅ ስለዚህ ፍትሕ ሊሆን ይችላል። የማያሳምነው ዜሮ ብሎ መቁጠሩ ነው። የጅቡቲን መስመር በከባድ መኪና አሥራ አምስት ዓመት የተመላለሰ ሾፌርና ትናንት መሪ የጨበጠ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በአንድ ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ ላይ ሲቀመጡ፣ እየተለካ ያለው አደጋ ሳይሆን የወረቀት መኖርና አለመኖር ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው አረቦንን በብድር ታሪክ የማስላት ልማድም ይህንኑ ያባብሳል፤ አዲስ መጤ መጥፎ ተበዳሪ ስለሆነ ሳይሆን ገና ስላልተበደረ ውድ ይከፍላል። ሌላ መንገድ እንዳለ ታሪክ ያሳያል። የካሊፎርኒያ መራጮች በ1988 ባጸደቁት ፕሮፖዚሽን 103 የነጂው የጥፋት መዝገብ፣ በዓመት የሚነዳው ርቀትና የመንዳት ልምዱ ከሁሉ በፊት እንዲታዩ አዘዙ፤ የብድር ታሪክን ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስና ሃዋይ አይቀበሉም። አረቦን ሲወደድ የሚሆነውም ግልጽ ነው፤ አቅም ያነሰው ኢንሹራንሱን ይተወዋል፣ የሦስተኛው ወገን ዋስትናም አብሮ ይቀራል። ቨርጂኒያ እስከ ሰኔ 2024 መጨረሻ ድረስ 500 ዶላር ለከፈለ ባለመኪና ያለ ኢንሹራንስ እንዲነዳ ትፈቅድ ነበር፤ ከዚያ ገንዘብ ለተገጪው የሚደርስ ካሣ አልነበረም።

ኢትዮጵያም የግዴታ መድንን መንገድ ዘግይታም ቢሆን ይዛዋለች። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 799 ተክቶታል። አዋጁ ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው የሚከፍል የመድን ፈንድ አቋቁሟል፤ ለተጎጂው ድንገተኛ ሕክምናም አስቦለታል። ነጂው ማን ይሁን ማን፣ ይገኝ አይገኝ፣ ሦስተኛው ወገን እንዳይጣል ማለት ነው። ከዚህ አገር የሚሰደድ ሾፌር ሐሳቡን ያውቀዋል፤ እንግዳ የሚሆንበት የካርዱና የሰንጠረዡ ጣጣ ነው።

ታሪኩ በተጀመረበት ቦታ ብንዘጋው ተገቢ ነው። ማሳቹሴትስ በ1903 ከመጀመሪያዎቹ ፈቃድ ሰጪዎች አንዷ፣ በ1927 ደግሞ ኢንሹራንስን ግዴታ ያደረገች የመጀመሪያዋ ነበረች። በ2022 ምክር ቤቷ የስደት ሁኔታቸው ሳይጠየቅ ነዋሪዎች ሁሉ ተፈትነው ፈቃድ እንዲያገኙ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። አገረ ገዥው አልፈርምም ቢሉ ምክር ቤቱ ሻረባቸው፤ ተቃዋሚዎች ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቅርበውት በዚያው ዓመት ኅዳር መራጩ በጠባብ ብልጫ ሕጉን አጸናው። ሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 1 ቀን 2023 ነው። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ይህን መንገድ ይዘዋል፤ የቀሩት ግዛቶች አሁንም ከፍሬኑ በፊት ፓስፖርቱን ይመረምራሉ። ስለ ስደት ያለው ክርክር በድንበር፣ በፍርድ ቤትና በምክር ቤት ይቀጥል፤ ቦታው እዚያ ነው። እግረኛ መንገዱ ላይ የወደቀው ሰው ግን የገጨው ማን እንደሆነ በመዝገብ እንዲገኝለት፣ ለሕክምናውም የሚከፍል እንዲኖርለት ይፈልጋል። ሁለቱ ወረቀቶች የተጻፉት ለእርሱ ነበርና ለእርሱ ይመለሱ።